ሁለት ስም ያለበት ብድር

ፓይን ሌክ፣ ማርች 5 ቀን 2006

ምህረት፣

እንደምን ከርመሻል? የሲያትል ብርድ ጉልበትሽን እንዳይነካብሽ እሰጋለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ።

ፍቺያችን ያለቀ ዕለት ሽማግሌያችን አቶ ሽፈራው «ስልክ ላይ መነጋገር አትችሉበትም፤ የቤቱን ጉዳይ በደብዳቤ ጨርሱ» ብለው ከሸኙን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ደውዬልሽ አላውቅም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የስኔልቪሉ ቤታችን ደህና ነው። ተከራዮቹ፣ እነዚያ የላይቤሪያ ባልና ሚስት፣ ኪራዩን ሳያዛንፉ ይከፍላሉ። ሆኖም የቤት ብድሩ፣ የሞርጌጁ ክፍያ ከነታክሱና ከነኢንሹራንሱ ከኪራዩ ስለሚበልጥ በየወሩ ወደ መቶ ዶላር እየጨመርን ነው። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን አንቺ ነሽ የምትልኪው።

ባለፈው ስለጠቆምኩሽ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር፣ ከየት እንዳገኘሁት ጠይቀሻል። ብድር አይደለም፣ የሰው አደራም አይደለም። የራሴ ነው። ከዚህ በላይ ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ያሰብኩትን ልንገርሽ። እዚህ አትላንታ ዳር፣ ፓይን ሌክ፣ ምድር ቤቱን ከተከራየሁት ከቶሎሳ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቤት ለሽያጭ ወጥታለች። ዋጋዋ ዘጠና አምስት ሺህ ነው። ገዝቼ ላከራያት አስቤያለሁ። ባንክ ሄጄ ያነጋገርኳት የብድር ሠራተኛ፣ ሎን ኦፊሰሯ፣ ሀሌሉያ ትባላለች፤ እዚሁ ያደገች የአገራችን ልጅ ናት፣ ከልጃችን ከሚካኤላ በዕድሜ ብዙ አትበልጥም። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። «ጎሹ፣ ዩ ኖው፣ ልትኖርበት አይደለም፣ ኢንቨስትመንት ነው። ስለዚህ ዳውን ፔይመንቱ ቢያንስ ትዌንቲ ፐርሰንት ነው» አለችኝ። ቅድሚያ የሚከፈለውን ማለቷ ነው፤ ይህም አሥራ ዘጠኝ ሺህ ይሆናል። እሱን ብቻ ከፍዬ ቀሪውን ልያዝ ወይስ ሁሉንም ቤቷ ላይ ላድርገው? ሁሉንም ባደርገው ወርሃዊው ክፍያ በጣም ይቀላል። ሂሳብ የምትይዢው ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ። ምን ትያለሽ?

ጎሹ

&nbsp;

ሲያትል፣ ማርች 19 ቀን 2006

ጎሹ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቴ ደህና ነው። እህቴም ሰላም ብላሃለች። ከእሷ ጋር መኖሩ ተስማምቶኛል፤ ስለ ክፍሌ ቀደም ሲል ጠይቀህ ነበር፣ በቂ ነው፣ አትጨነቅ።

ከጠየቅከኝ አይቀር እውነቱን ልንገርህ፤ ሁሉንም ቤቷ ላይ አታድርገው። ዳውን ፔይመንት ሲበዛ ወርሃዊው እንደሚቀል እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ አንዴ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ብትታመም ወይ ሥራ ብትፈታ ግድግዳ ተቆርሶ አይሸጥም። ሃያ ፐርሰንቱን ክፈል፤ ከቀረው የስድስት ወር ክፍያ የሚሆን ለይተህ አስቀምጥ። ተከራይ ሳይገኝ የሚያልፍ ወር አለ፤ ስኔልቪል ላይ አይተነዋል።

ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልጅቷ ስለ ደመወዝህ ምንም አልጠየቀችህም? ለአዲስ ብድር መጀመሪያ የሚጠየቀው የደመወዝ ወረቀት ነው። አንተም ስለ ሥራህ አልጻፍክም። ድሮ ደብዳቤህ ከኤርፖርት በጫንካቸው መንገደኞች ወሬ ነበር የሚሞላው፤ ሻንጣዋ ውስጥ ዶሮ ይዛ ስለተገኘችው ሴትዮ፣ ቫኑ ውስጥ ጫማውን ረስቶ ስለወረደው ሰው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አንድም መንገደኛ የለም።

ምህረት

&nbsp;

ፓይን ሌክ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2006

ምህረት፣

ለትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ። ስለ መንገደኞቹ አልጻፍኩም ያልሽው እውነት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ምክርሽን ሰምቼ ሀሌሉያ ዘንድ ተመለስኩ። የፓይን ሌኳን ቤት ትቻታለሁ። አዲስ ብድር ለጊዜው አይመቸኝም። ልጅቷ ግን ሌላ መንገድ አሳየችኝ። ሪካስት ይባላል። ያለንን ብድር አናፈርሰውም። ሠላሳ ስምንቱን ሺህ በአንድ ጊዜ ዋናው ብድር ላይ እንከፍልና ባንኩ የቀረውን ለቀሩት ሃያ ሰባት ዓመታት እንደገና ያካፍለዋል። ኢንተረስቱ፣ ወለዱ ማለቴ ነው፣ በ2003 ያገኘነው ያው አምስት ከሩብ ፐርሰንት ነው። ዛሬ እሱን የሚሰጥ የለም። ወርሃዊው ወደ ሁለት መቶ ሃያ ዶላር ይቀንሳል፤ ያኔ ኪራዩ ክፍያውን ሸፍኖ ይተርፋል። አንቺም ከዚያ ወዲያ ምንም አትልኪም። ገንዘቡ የእኔ ቢሆንም ድርሻሽ እንደ ድሮው ግማሽ ይሁን፤ አልከራከርም።

የባንኩ ማስከፈያ ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው የሁለታችን ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱን እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቢጫ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ሳይን አድርጊና መልሺልኝ።

የቤቱን ሣር ትናንት አጭጄ ብመለስ እወድ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ተከራዩ አጨደው። የተከልሻት ማግኖሊያ ግን አብባለች አለኝ።

ጎሹ

&nbsp;

ሲያትል፣ ሜይ 2 ቀን 2006

ጎሹ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል። አልፈረምኩም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ባንክ ሄጄ ነበር። የራሴን ትንሽ ኮንዶ ለመግዛት ሁለት ዓመት ስቆጥብ ቆይቻለሁ፤ አልነገርኩህም። ሰውየው ወረቀቴን አይቶ «በስምሽ አትላንታ አንድ ሞርጌጅ አለ። ደመወዝሽ ሁለት አይችልም» አለኝ። ተፋትተናል አልኩት። «ፍቺው የእናንተ ነው፤ ከብድሩ አያፋታችሁም» አለኝ። ስለ ሪካስትም ጠየቅኩት። ክፍያው ቢቀንስም ብድሩ ያው ብድር ስለሆነ ስሜ አይወጣም። ስሜ የሚወጣው ቤቱን ስንሸጥ ወይም አንተ በራስህ ስም ብቻ ሪፋይናንስ ስታደርገው፣ በአዲስ ብድር ስትተካው ነው።

እንግዲህ ሁሉን ልንገርህ። ክፍሌ በቂ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ክፍል የለኝም። የእህቴ ልጆች አድገው ክፍሎቹን ስለያዙ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። ልብሴ በሻንጣ ነው። ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጎሹ።

ሪፋይናንስ አድርገው። የቤቱን ግማሽ ድርሻዬን ስጠኝና ለዳውን ፔይመንት ይሁነኝ። ሌላ የምጠይቅህ የለም።

ምህረት

&nbsp;

ፓይን ሌክ፣ ሜይ 29 ቀን 2006

ምህረት፣

ስለ ሶፋው ሳነብ አዘንኩ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ።

ሪፋይናንሱን አስቤበታለሁ። የዛሬው ኢንተረስት ለኢንቨስትመንት ቤት ሰባት ነው ይላሉ። አምስት ከሩብ ይዞ ወደ ሰባት መሄድ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገው አይደለም፤ አንቺም ብትሆኚ ለሌላ ሰው አትመክሪውም። የክሎዚንግ፣ የውል መፈራረሚያ ወጪም አለው። እስቲ ትንሽ እንታገሥ። ምናልባት ኢንተረስቱ ይወርዳል። እስከዚያ ሪካስቱን ብትፈርሚ ምን ይጎዳል?

ጎሹ

&nbsp;

ሲያትል፣ ጁን 18 ቀን 2006

ጎሹ፣

የአቶ ሽፈራውን ቃል ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ደወልኩልህ። የመጨረሻው ደብዳቤህ አናዶኝ ስለነበር ልጣላህ ነበር የደወልኩት። ያነሣው ቶሎሳ ነው። ማን ልበል አለኝ፤ ምህረት ነኝ አልኩት። ስሜን ያወቀው ይመስለኛል። ከዚያ «ጎሹ ቴራፒ ሄዷል፤ ዛሬ ጎረቤት ነው ያደረሰው፤ በክራንች አውቶቡስ መሳፈር ይከብደዋል» አለኝ።

«ምን ሆኖ ነው ክራንች የያዘው?» አልኩት።

«አልነገረሽም?» አለኝና ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረልኝም። ጨዋ ሰው ነው።

እኔ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አረጋውያን ቤት ውስጥ የማላውቃቸውን ሰዎች ከጎን ወደ ጎን ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ እውላለሁ። አንተ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ባሌ የነበርከው ሰው፣ የሆነ ቦታ ማን እንዳገላበጠህ ሳላውቅ ተኝተሃል። ምን እንደደረሰብህ ጻፍልኝ። ሚካኤላም ታውቅ እንደሆነ ጻፍልኝ። ስለ ቤቱ አንድም መስመር እንዳላነብ።

ምህረት

&nbsp;

ፓይን ሌክ፣ ጁላይ 4 ቀን 2006

ምህረት፣

ዛሬ በዓል ስለሆነ ቶሎሳና ቤተሰቡ ሐይቁ ዳር ወርደዋል። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እነግርሻለሁ።

ያለፈው ኦክቶበር ነው። ዝናብ ነበር። ሦስት መንገደኞች ይዤ ቱ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ስሄድ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገፍቶን ከግንቡ ጋር አጣበቀን። መንገደኞቹ ደህና ናቸው፤ አንደኛው ጥርሱ ብቻ ነው የወለቀው። የእኔ ግን ዳሌና ጭን ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ቀደዱኝ። ገንዘቡ ከዚያ የመጣ ነው፤ የጭነት መኪናው ኢንሹራንስ ነው የከፈለኝ። ቫን መንዳት አልችልም። አዲስ ብድር አይመቸኝም ያልኩሽ የማሳየው የደመወዝ ወረቀት ስለሌለኝ ነው።

ሆስፒታል የገባሁ ዕለት ነርሷ «ለማን እንደውልልህ?» አለችኝ። የሚካኤላ ቁጥር ነበረኝ፤ ግን ቺካጎ ሥራዋን ከጀመረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ያንቺንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ነርሷ ብዕሯን ይዛ ቆማለች። «የሚደወልለት ሰው የለም» አልኳት። እሷም ጻፈችው። ሚካኤላ እስከ ዛሬ አታውቅም። አሁን ግን እነግራታለሁ፤ ከአንቺ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም።

ስለ ቤቱ አትጻፍ ብለሽኛል፤ ግን ይህንን ካልጻፍኩ የነገርኩሽ ሁሉ ግማሽ ይሆናል። ሀሌሉያ ሪካስትን ስታስረዳኝ «ጎሹ፣ በጣም ሲምፕል ነው። ሎኑ ያው ነው፣ ኢንተረስቱ ያው ነው፣ ስሞቹም ያው ናቸው። የሚቀየረው ወርሃዊው ብቻ ነው» አለችኝ። ስሞቹም ያው ናቸው ስትል ደስ አለኝ። ከባንኩ በየወሩ የሚመጣው ወረቀት ላይ ስማችን ጎን ለጎን ታትሞ ይመጣል። እኔና አንቺ አንድ ላይ የተጻፍንበት ሌላ ወረቀት የለም። ሪካስት ብናደርግ ሃያ ሰባት ዓመት እንደዚያው እየመጣ ይቀጥል ነበር። ኢንተረስቱ ምናምን ያልኩሽ ሐሰት አይደለም፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ግን በሂሳቡ ምክንያት አልነበረም።

አንቺ ሶፋ ላይ መተኛትሽን አላውቅም ነበር። ባውቅ ወረቀቱን አልልክልሽም ነበር።

ጎሹ

&nbsp;

ሲያትል፣ ጁላይ 15 ቀን 2006

ጎሹ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሰው ሞተብሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ ተርፎ ነው አልኳት።

ልትደውልልኝ ይገባ ነበር። እመጣ ነበር። እንደ ሚስት አይደለም። ግን እመጣ ነበር። ይህን ማወቅ ነበረብህ፤ አለማወቅህ ነው ከሁሉ ያሳዘነኝ።

አሁንም ግን ስሜ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍ ጨካኝ እንደምመስል ይገባኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ዝም ስትል እኔ ስገምት ኖርኩ። ደስ ሲልህም ዝም፣ ሲከፋህም ዝም። ከዚያ የወጣሁት ጠልቼህ ሳይሆን መገመት ስለሰለቸኝ ነው። ይኸው ዛሬም አጥንትህ ተሰብሮ ስለ ፐርሰንት ነው የምትጽፍልኝ።

ድርሻዬን ብትልክልኝ የቤቱ ግማሽ ነው ብዬ እቀበላለሁ። የእግርህ ዋጋ ነው ብዬ ግን አልቀበልም። ከዚያ ገንዘብ ካልሆነ በቀር የለኝም የምትል ከሆነ ቤቱን እንሽጠው።

ሐኪሙ የሰጠህን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሥራ። ሕመም ካለ ትክክል ነው፤ አታቋርጥ።

ምህረት

&nbsp;

ፓይን ሌክ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2006

ምህረት፣

ሳልጽፍልሽ አምስት ወር አለፈ። የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ስጠብቅ ነው።

ከኦገስት ጀምሮ ኤርፖርት አካባቢ ያለ የመኪና ማቆሚያ መውጫ በር ላይ፣ ትንሽዬ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቲኬት እየተቀበልኩ ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ሰው መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። የአንዱንም ወሬ አልሰማም። የደመወዝ ወረቀቴ ሲጠራቀም ይዤ ሀሌሉያ ዘንድ ሄድኩና ቤቱን በስሜ ብቻ ሪፋይናንስ ላድርገው አልኳት። «ጎሹ፣ ሹር ነህ? ሪካስት ብታደርግ ኖሮ በየወሩ ትርፍ ነበረህ። አሁን እኮ ከኪስህ እየጨመርክ ልትኖር ነው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ምክንያቱን ልትጠይቀኝ ፈለገችና ተወችው።

ቤቱን አንሸጠውም። ከሠላሳ ስምንቱ ሺህ ሃያው ያንቺ ድርሻ ነው፤ ቼኩ እዚህ ውስጥ አለ። ቀሪውን ብድሩን ለማሳነስ አደረግኩት፣ ለመጠባበቂያም ጥቂት አስቀረሁ፤ ግድግዳ ተቆርሶ አይሸጥም ያልሽው አልጠፋኝም። ሃያውን የእግሬ ዋጋ አድርገሽ እንዳታዪው። እግሬ የእኔ ነው፣ ቤቱ ግን የሁለታችን ነበር።

ክሎዚንጉ ማክሰኞ በባንኩ ጠበቃ ቢሮ ነበር። ሀሌሉያ አብራኝ ተቀምጣ እያነበበች ታስፈርመኝ ነበር። አንደኛው ወረቀት «ጎሹ ተገኝ፣ አን አንማሪድ ማን» ይላል።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ያላገባ ሰው ማለት ነው።»

«እኔ አግብቼ ነበር እኮ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

«አይ ኖው፣ ጎሹ» አለችኝ፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለችኝ። «ለእሱ የሚሆን ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። እዚህ ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ጠበቃው እጄን ጨበጠ፤ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ታክሲ እስኪመጣ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ለማን እንደምነግር ሳስብ ታክሲው መጣ።

እንግዲህ ስለ ቤቱ የምንጻጻፈው አለቀ። አቶ ሽፈራውም የፈቀዱልን ስለ ቤቱ ብቻ ነበር። ሌላ የሚጻፍ ነገር ባለመኖሩ ሳይሆን መብቱ ያለኝ ስላልመሰለኝ ነው የምጠይቅሽ። ስለ ሌላ ነገር ብጽፍልሽ ታነቢዋለሽ?

ጎሹ

&nbsp;

ኬንት፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2007

ጎሹ፣

ቼኩም ደብዳቤውም ደርሶኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ከአዲሱ አድራሻዬ እንድጽፍልህ ብዬ ነው።

ሐሙስ ገባሁ። ከሲያትል ወደ ደቡብ፣ ኬንት የሚባል ከተማ ነው፤ አንድ መኝታ ያላት ኮንዶ ናት። ያንተን ሃያ ሺህና የቆጠብኩትን ደምሬ ሃያ ፐርሰንቱን ሞላሁ። ባንኩ የስኔልቪሉ ብድር ከስሜ መውረዱን አይቶ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ቁልፉን ስቀበል እህቴ አብራኝ ነበረች። ሻንጣዎቼን አስገብታ ሥራ ስላላት ወዲያው ሄደች። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አለኝም። ባዶው ክፍል ውስጥ እየዞርኩ መብራቶቹን ሁሉ አበራሁ፣ አጠፋሁ። ከዚያ «ገባሁ» ብዬ የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኬን አወጣሁ። ሚካኤላ ስብሰባ ላይ እንደምትሆን አውቃለሁ። ስልኩን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ለማንም አልደወልኩም። ዛሬ ለአንተ እየጻፍኩት ነው፤ ገባሁ።

ጥያቄህን አስቤበታለሁ። ወደ አንተ አልመለስም። ይህንን ከጽሑፌ መካከል የሌለ ነገር ፈልገህ እንዳትጎዳ ቀድሜ ልበለው። እንደ ድሮው ሆኜም አልጽፍልህም።

ግን ጻፍ። ስለ ፐርሰንት አይሁን። መስታወቱ ውስጥ ተቀምጠህ የምታስበውን ጻፍልኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያልነገርከኝን። ሁልጊዜ አልመልስልህም። አነበዋለሁ ግን።

ምህረት